ምኒልክን ሮቤ ላይ መጫወት

ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ፓርቲዎች አልጽፍም። ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ ዶክትሬት የጫነ መምህር ሌሊቱን በኮምፒዩተር ጨዋታ እንደሚያነጋ ሲናዘዝ መስማት ያስቃችሁ ይሆናል። ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ጨዋታው ሲቪላይዜሽን ይባላል። ሲድ ሜየር የመጀመሪያውን እትም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ተጫዋቹ አንድ ሕዝብ ይዞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 ዓመት ይነሣል፤ ከተማ ይቆረቁራል፣ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይዋጋል። አገራችን በአራተኛው እትም በዘርዐ ያዕቆብ፣ በአምስተኛው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በስድስተኛው ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ተወክላለች።

ለረጅም ጊዜ ደካማ ተጫዋች ነበርኩ። ሜዳ ሜዳውን እየመረጥኩ እሰፍርና ጦሬን ቶሎ አዘምት ነበር፤ ተራራ ሲያጋጥመኝ እሸሻለሁ። ተራራ በጨዋታው አይታረስም፣ ተራ ጦርም አያልፈውም፤ ምን ይረባል ብዬ ነው። ከ«ንጉሥ» ወደ «ንጉሠ ነገሥት» የክብደት ደረጃ የተሻገርኩት ይህን አመል ስተው ነው። የምኒልክ ልዩ ችሎታ፣ በ1900 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስም የተሰየመው፣ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከሚያመነጨው እምነት 15 በመቶ ያህል ሳይንስና ባህል በምርቃት ይሰጣል። ጦሩም ኮረብታ ላይ ሲዋጋ ይበረታል። ካምፓስ ከተራራ ጋር ሲጎራበት ለእያንዳንዱ ተራራ አንድ የሳይንስ ነጥብ ያገኛል። ማስተማሪያዬ ሮቤ ላይ ሆኖ፣ በጎባ አድርጎ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚያልፈው የሳነቴ መንገድ ስንት ጊዜ እየወጣሁ፣ ተራራ ዋጋ እንዳለው ከኮምፒዩተር መማሬ ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን ከደሎ መና የመጣ ተማሪዬ ረቂቁን ሊያሳየኝ ቢሮዬ ሲገባ ጨዋታው ተከፍቶ አገኘው። ስክሪኑ ላይ «የኦሮሞ ፈረሰኛ» የተሰኘው የምኒልክ ልዩ ጦር ተሰልፏል። ኮረብታ ፍጥነቱን የማይገታው፣ ከሩቅ የሚያይ ፈረሰኛ ነው፤ ባሌን ለሚያውቅ እንግዳ አይደለም። ተማሪው ጥቂት ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ዶክተር፣ እኔ እዚህ ውስጥ የቱ ነኝ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። የምኒልክ ስም በተነሣ ቁጥር ለሁለት ተከፍለው የሚናከሱት ወገኖች ሁለቱም መልስ አላቸው፤ የእነርሱ መልስ ግን ካርታውን ከላይ ወደ ታች የሚያይ ሰው መልስ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር አሳየሁት። በጨዋታው የተያዘ ከተማ በጎረቤቶቹ ግፊት ታማኝነቱ ይወርድና ያምፃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አገረ ገዢ ይሾሙበታል፣ ታማኝነቱ በየዙሩ በ8 ነጥብ ያድጋል። ተማሪው ሳቀ። በባሌ የሆነው እንደምታውቁት ተቃራኒው ነው። የተሾሙት ሹማምንት ናቸው መሬቱን በቀላድ ያስለኩት፤ ግብር መክፈል ያቃተው ገበሬ ርስቱ «የመንግሥት» ተብሎ ለሌላ ሲሰጥ ያየው በእነርሱ ዘመን ነው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በዋቆ ጉቱ ስም የሚታወቀው አመፅ የተቀጣጠለው፣ የሶማሊያ መንግሥት እጅ ባይጠፋበትም፣ በዚህ ነው። የተማሪው አያት መሬት ከተነጠቁት አንዱ ነበሩ። ታማኝነትን በሹመት ብቻ አሳድጋለሁ የሚል መንግሥት እስከ ዛሬ አለማለቁን ለእናንተ መንገር አያሻም።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አንደኛው ዙር ላይ ካርታው ባዶ ይመስላል፤ ያለው ወይ «አረመኔ» ነው፣ ወይ ስም የለሽ የጎሣ መንደር። መንደሩን ሲረግጡት ወርቅ ወይም ዕውቀት ይሰጥዎታል፤ ከዚያም ከካርታው ይጠፋል። በባሌ ተራሮች ግን ፊንቻ ሀበራ በተባለው ዋሻ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ሰዎች ከ47,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ባልጩት እየሠሩ፣ ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ጨዋታው «አንደኛ ዙር» ከሚለው ጊዜ ከ40,000 ዓመት በላይ ቀድመው መሆኑ ነው! ያውም ጨዋታው አይኖርበትም በሚለው ተራራ ላይ።

ባለፈው ቅዳሜ ተማሪው ራሱ ሊሞክር መጣ፤ ወንበሬን ለቀቅሁለት። ምኒልክን መረጠ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ከተማውን ኮረብታ ላይ ቆረቆረ (ከእኔ ይልቅ ፈጣን ነው)፣ ቃፊሩንም ላከ። በአምስተኛው ዙር ተራራ ሥር አንዲት መንደር ተገኘች። ቃፊሩን አጠገቧ አቆመና እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ።

«ካልረገጥኳት ትቆያለች?»

«ሌላ ተጫዋች እስኪደርስባት ድረስ» አልኩት።

ዙሩን ዝም ብሎ አሳለፈው፤ ቀጣዩንም እንዲሁ።