ጅቡ ቀርቶ ዶሮዋ ተመረጠች



ልጆቻችን በስልካቸው እያዩ የሚስቁበት አጭር የቀልድ ቪዲዮ «ሚም» ይባላል። ሚም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ እያንዳንዱም የራሱን እየጨመረ የሚጫወትበት ቀልድ ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ ሦስት እግር ያለውና የስፖርት ጫማ የተጫማ ሻርክ በብዙ አገር ታይቷል። ስሙ ትራላሌሮ ትራላላ ነው፤ ልጆቻችሁን ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። ሻርኩን የሣለው የሰው እጅ ሳይሆን ኮምፒውተር ነው።

እኛም በቤር ሸቫ የምንኖር ጥቂት አያቶች፣ ወላጆችና ወጣቶች እንዲህ ያለ ቪዲዮ ለመሥራት ተነሣን። ከመካከላችን ሥራውን ቀደም ብሎ የሚያውቅ አልነበረም። ካጋጠመን ነገር ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ይጠቅማል ያልነውን እነሆ እናካፍላችኋለን።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። በአማርኛ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት»፣ በዕብራይስጥ «ቢና ሜላኹቲት» ይሉታል። ማየት የምንፈልገውን በቃላት እንጽፍለታለን፤ እርሱም ቀድሞ ከተማረባቸው እጅግ ብዙ ሥዕሎችና ፊልሞች ተነሥቶ አዲስ ሥዕል ያወጣል። በማርች 2023 የአሜሪካው ተዋናይ ዊል ስሚዝ ፓስታ ሲበላ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ወጥቶ ነበር። ፊቱ እየተጣመመ፣ ፓስታውም ከጣቱ ጋር እየተቀላቀለ ስለሚታይ ብዙ ሰው ሳቀበት። በሜይ 2025 ጉግል ያወጣው ቬዮ 3 ግን የ8 ሰከንድ ፊልም ከነንግግሩ መሥራት ችሏል። በ2 ዓመት ውስጥ የመጣው ለውጥ ይህን ያህል ነው።

ወጣቶቻችን መጀመሪያ የመረጡት «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረት ነበር። ጅቡ ሻንጣውን ይዞ፣ ነጠላ ለብሶ፣ በቤር ሸቫ አውቶቡስ ጣቢያ ይወርድና ቁርበት እንዲነጠፍለት ያዛል። ጽፈን ሰጠነው፤ ሥዕሉም ወዲያው ወጣ። አብዛኞቻችን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከእናቶች አንዷ ግን አልሳቁም። «ልጆቼ፣ ጅቡን ተዉት» አሉ። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው፣ በጎንደር አገር ሳሉ የደረሰባቸውን ነገሩን። ወንዶቻችን ብረት ቀጥቃጮች፣ ሴቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ስለነበሩ ጎረቤት «ቡዳ» ይለን ነበር። ቡዳ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ ሆኖ ያድራል ተብሎ ይታመን ነበር። የአንድ ሰው ልጅ ሲታመም ጣት ወደ እኛ ሰዎች ይቀሰር ነበር። እዚህ የተወለዱት ልጆች ይህን ሰምተው አያውቁም፤ ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወጣት፣ «ያ ዘመን አልፏል፤ እንዲያውም ብንስቅበት ኃይሉን ያጣል» አለ። ይህም ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። እናታችን ግን፣ «በቤታችን እንሳቅበት። ነገር ግን ነጠላችንን ያለበሳችሁትን ጅብ የማያውቀን ሰው ሲያየው ምን ይላል? የሚያውቀንስ?» ብለው መለሱ። ኮምፒውተሩ ጅብና ነጠላ አንድ ላይ መሆናቸው ማንን እንደሚያቆስል አያውቅም። እሳቸው ግን ያውቁ ነበር።

ቀልድ ከሠሪው እጅ ሲወጣ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በ2025 በሎስ አንጀለስ የሚኖረው ፊልም ሠሪ ሶሎ አቪታል ጋዛን የወርቅ ሐውልት የቆመባት የመዝናኛ ከተማ አድርጎ የሚያሳይ ቪዲዮ በዚሁ መሣሪያ ሠራ። እርሱ እንዳለው ሐሳቡ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ዕቅድ ላይ ለመቀለድ ነበር። ይሁን እንጂ በፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ያለ ምንም ማብራሪያ በገጻቸው ላይ አወጡት። አቪታል ቀልድ መሆኑን ለጋዜጠኞች ያስረዳው ቪዲዮው ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጅቡን ትተን «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚለውን ተረት ያዝን። ወጣቶቹ መጫኛ ምን እንደሆነ ስላላወቁ፣ በከብት ጀርባ ላይ ጭነት የሚታሰርበት ረጅም ጠፍር መሆኑን አያቶች አስረዷቸው። ዶሮዋ በገበያ መካከል ቆማ ስልኳ ላይ መልእክት ይደርሳታል፦ «እሽግ መጥቶልሻል፤ የካርድሽን ቁጥር ላኪና ውሰጂ»። ዘወር ስትል ሁለት ጎልማሶች መጫኛ እየጎተቱ ይመጣሉ። «ለእኔ ይህን ያህል ጠፍር?» ብላ ትሮጣለች።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ታሪኩን በአራት አጫጭር ክፍሎች ከፈልን። ለእያንዳንዱ በመጀመሪያ ሥዕል አወጣን፤ ቀጥሎ ሥዕሉ እንዲንቀሳቀስ አደረግን። አንድ ጊዜ ዶሮዋ ሦስት እግር ይዛ ስለመጣች ደገምነው። የአማርኛ ፊደል ጻፍ ስንለው ፊደል የማይሆን ጭረት ስለሰጠን ጽሑፉን ራሳችን ጨመርን። የዶሮዋን ድምፅ አያታችን በስልክ ቀዱልን። ክፍሎቹን በካፕካት አገጣጠምን፤ ከታችም ዕብራይስጡን ጻፍን። ከሳምንት በኋላ ኔታንያ ያሉ ዘመዶቻችን፣ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ፣ መልሰው ለእኛው ላኩልን።

ለመሞከር የምታስቡ ቤተሰቦች ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የሕፃናትን ፊት ለማንኛውም መሣሪያ አትስጡ፤ የሌላውንም ሰው ፊትና ድምፅ ሳይፈቅድ አትጠቀሙ። ሁለተኛ፣ በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑን ቪዲዮው ላይ ጻፉ፤ ቲክቶክም እውነተኛ የሚመስል ሥራ ሲሆን ይህን ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ከጥቂት ሰከንድ ቅጂ የልጃችሁን ድምፅ አስመስሎ መሥራት ስለሚቻል፣ «እናቴ፣ ቸግሮኛል፣ ገንዘብ ላኪ» የሚል ጥሪ ሲመጣ ስልኩን ዘግታችሁ በምታውቁት ቁጥር ደውሉ። በቤተሰብ መካከልም አንድ የምስጢር ቃል ይኑራችሁ።

ከ1984 ጀምሮ የመጣነውም ሆንን በቅርብ ዓመታት የገባችሁት፣ ልጆቻችን ከእኛ ፈጥነው የሚማሩት ነገር እንዳለ እናውቃለን። መሣሪያውን ልጆች ያስተምሩን፤ ምን እንደሚያስቅና ምን እንደሚያቆስል ደግሞ አያቶች ይንገሯቸው። ተረት ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ለሚቀጥለው ሥራ እየጠበቅናችሁ ነው። ሰላም ሁኑ።