ቡገንቪሊያዬ ለምን አበባ ነፈገችኝ?

«እማዬ፣ አበባዬ እንዴት ናት?» ትለኛለች ልጄ ከቤይሩት በደወለች ቁጥር። «ግቢው ቀይ ለብሷል የኔ እናት!» እላታለሁ። ውሸቴን ነው።

ልጄ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ሰሞን ደሴ ግቢያችን በር ላይ የተከለቻት ቡገንቪሊያ አራት ዓመት ሙሉ ቅጠልና እሾህ እንጂ አበባ አላሳየችኝም። ያላደረግሁላት ነገር የለም፤ ጧት ማታ ውሃ፣ በየወሩ ፍግ። ባለቤቴማ «ይቺ መካን ናት፣ እንቁረጣት» ማለት ከጀመረ ቆየ።

ታዲያ ባለፈው ጥር ሐይቅ እስጢፋኖስን ልንሳለም ሄድን። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያቀኑት ይህ ገዳም የወንዶች በመሆኑ ሴት አይገባም። ባለቤቴ ሲገባ እኔ ከውጭ ተሳልሜ ወደ ሐይቁ ዳር መለስ አልኩና አንዲት ሻይ ቤት በር ላይ ተቀመጥኩ።

እናንተዬ! አጥሩ ላይ ቅጠሏ እስኪጠፋ ድረስ ያበበች ቡገንቪሊያ! ቅናት ይሁን ናፍቆት እንጃ፣ እንባዬ መጣ። አጥሩን የሚያበጁ አንድ ሽማግሌ አዩኝና «ምን ሆንሽ እህት ዓለም?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«አባባ፣ የእኔዋ ሌላ ዘር ትሆን እንዴ?»

«ቅጠሏ ከግንዷ ከሚገናኝበት ሥር እሾህ አላት?»

«አላት»።

«እንግዲያው እሷው ናት» አሉና አንዷን ዘለላ ቀጥፈው አሳዩኝ። ለካስ አበባ የምንለው ቀዩ ነገር አበባ አይደለም! ቀለም የለበሱ ሦስት ቅጠሎች ናቸው። እውነተኛዋ አበባ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ የተጣበቀች፣ ጫፏ ነጣ ያለ ቀጭን ቱቦ ናት።

«ውሃ ስንቴ ታጠጫታለሽ?» ሲሉኝ «ጧት ማታ» አልኩ። ሽማግሌው ሳቁ። «ጠግባ ነዋ! የጠገበች ቡገንቪሊያ ቅጠል እንጂ አበባ አታወጣም»።

ውድ አንባቢያን፣ እንደኔ እንዳትሞኙ ምክሩን እነሆ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኛት። ከጸደቀች በኋላ ውሃ የሚሰጣት አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጠገብ አድርጓት። ውሃ የሚያቁር ቦታ ላይ ሥሯ ይበሰብሳል። ፍግ ሲበዛ ቅጠል ብቻ ትሆናለች። የምታብበው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ አበባዋ ሲረግፍ ግረዟት። ለማባዛት እርሳስ የሚያክል ጠንከር ያለ ቅርንጫፍ በስንዝር ቁረጡና አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ጥላ ሥር ትከሉ፤ ሥር ለማውጣት ሁለት ወር ያህል ሊፈጅባት ይችላል። ስታዛውሯት ሥሯ ቶሎ ስለሚበጠስ ከነአፈሯ አንሷት። ውርጭ ጠላቷ ነው፤ ደጋ ያላችሁ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ትከሏት።

ኋላ ሳነብ ደግሞ የትውልድ አገሯ ደቡብ አሜሪካ መሆኑን አወቅሁ። ስሟ የመጣው ቡገንቪል ከሚባል ፈረንሳዊ የባሕር አዛዥ ነው፤ በእሱ ጉዞ ላይ የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ኮሜርሶን እ.ኤ.አ. በ1767 ብራዚል ውስጥ ሰበሰባት። ረዳቱ ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች። መርከቡ ሴት ስለማይጭን ወንድ መስላ ተሳፈረች፤ በመርከብ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ትታወቃለች። ያችም የሰው ልጅ እንጀራ ፍለጋ ስንቱን ደበቀች አልኩ፣ የኔዋ ትዝ ብላኝ።

ከሐይቅ ስመለስ ውሃውን ቀነስኩ፣ ፍጉን ተውኩ፣ ፀሐይ የከለከላትን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አስቆረጥኩ። ማታ ልጄ ስትደውል «ዋሽቼሻለሁ፣ አበባሽ አላበበችም» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «እማዬ፣ እኔም ተመችቶኛል ያልኩሽ ውሸቴን ነው» አለችኝ። ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ስናወራ አመሸን።

ግንቦት ላይ የመጀመሪያዋ ቀይ ታየች። ባለቤቴም ስለ መቁረጥ አላነሳም። ልጄም ቀጣሪዎቿ ጋር ያላትን ውል ስትጨርስ ልትመጣ ነው፤ አበባዋን ግን ፎቶ ልኬላት አይታታለች።