ለነገ የማይባል ቍስል

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ተረቱን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ለልጆቻችንም እንነግራቸዋለን፤ ዳሩ ግን በየቤታችን ብዙ ሲሠራበት አይታይም። ሰው ገንዘቡ ሲጠፋበት ወይም ከብቱ ሲታመምበት በዚያው ቀን ይናገራል፤ በገዛ እግሩ ላይ ያበጠውንና የሚያቃጥለውን ነገር ግን ከጋቢው በታች ሸፍኖ ሦስት ቀን አራት ቀን ይሰነብታል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልጽፍ ያሰብሁት ስለዚሁ ነገር ነው፤ ይኸውም በቈዳ ላይ ተነሥቶ በሰዓታት ውስጥ ስለሚስፋፋው የቍስል መመረዝና፣ ለዚህ ደዌ መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም እጅግ የከበረ ስለ መሆኑ ነው።

ቈዳ ለሰውነት እንደ ከተማ ቅጥር ነው። ቅጥሩ ደኅና ሆኖ ሳለ በውጭ ያለው ጠላት ብዙ ቢሆንም አይገባም። ሐኪሞች ስትሬፕቶኮከስና ስታፊሎኮከስ ብለው የሚጠሯቸው፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሐዋስያን ብዙ ጊዜ በቈዳችን፣ በአፍንጫችንና በጕሮሯችን ሳይጐዱን ይኖራሉ። ነገር ግን በቅጥሩ ላይ አንዲት ቀዳዳ ያገኙ እንደ ሆነ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ቀዳዳዋም ብዙውን ጊዜ ሰው የሚንቃት ናት፤ የእሾህ ውጋት፣ አዲስ ጫማ የላጠው ተረከዝ፣ የምላጭ ጭረት፣ በጥፍር የታከከ የትንኝ ንክሻ፣ በእግር ጣቶች መካከል በእርጥበት የተላጠ ቈዳ፣ ሙጃሌ የወጣበት ስፍራ፣ እነዚህ ሁሉ በሮች ናቸው። ተሐዋስያኑ ከቈዳው በታች ወዳለው ስብ ገብተው ሲስፋፉ ሕመሙን ሐኪሞች ሴሉላይቲስ ይሉታል፤ ወደ ላይኛው የቈዳ ክፍል ቀርቦ ዳርቻው ተለይቶ ሲታይ ደግሞ ኤሪሲፔላስ ይሉታል።

በመጀመሪያው ምእተ ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሓፊ ኬልሱስ የዚህን ዓይነት ሕመም አራት ምልክቶች ጽፎ ነበር፤ እነርሱም መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ማመም ናቸው። ይህ እስከ ዛሬ ድረስ ትክክል ነው። ሆኖም እኛ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባናል፤ በጠይምና በጥቁር ቈዳ ላይ መቅላቱ እንደ ነጭ ሰው ቈዳ ደምቆ አይታይም። ስፍራው ወደ ጥቁረት ወይም ወደ ወይን ጠጅ መልክ ሊያደላ፣ አንዳንድ ጊዜም መልኩ ምንም ያልተለወጠ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አልቀላም ብሎ መዘናጋት አይገባም። የእጅን ጀርባ በታመመው እግር ላይ፣ ቀጥሎም በደኅናው እግር ላይ አድርጎ ሙቀታቸውን ማመዛዘን፣ ቈዳው ተወጥሮ ማብረቅረቁን፣ መጠንከሩንና ሲነኩት ማመሙን መመርመር ያስፈልጋል። በጭኑ ሥር ንፍፊት የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ላይ መውጣት እንደ ጀመረ ያስታውቃል።

ይህ ደዌ ባለጠጋና ድኻ፣ ሹምና ሎሌ ብሎ አይመርጥም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት የካልቪን ኩሊጅ ልጅ፣ በአባቱ ስም የሚጠራው የ16 ዓመት ወጣት፣ ጁን 30 ቀን ያለ ካልሲ ጫማ አድርጎ ከወንድሙ ጋራ ቴኒስ ተጫወተ። ጫማው የእግሩን ጣት ላጠውና ውሃ ቋጠረ። በዚያች ትንሽ ልጠት የገባው መርዝ ወደ ደሙ አለፈ፤ ወጣቱም ጁላይ 7 ቀን ሞተ። አባቱ በዚያን ጊዜ የታላቅ አገር መሪ ነበሩ፤ የሚፈልጉትን ሐኪም ሁሉ መጥራት ይችሉ ነበር፤ ሐኪሞቹም መጥተው ነበር። ነገር ግን በዚያን ዘመን ሐኪሞቹ የሚሰጡት መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ቈይቶ በ1935 ዓ.ም. በጀርመን አገር ገርሃርድ ዶማክ የሚባል ሊቅ፣ ፕሮንቶሲል የተባለ ከቀይ ቀለም የተገኘ መድኃኒት በተሐዋስያን ላይ ያለውን ኃይል አስታወቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የገዛ ሴት ልጁን መርፌ እጇን ወጋትና ቍስሉ ተመረዘ። ሐኪሞች እጇ እንዲቈረጥ እስከ ማሰብ ደርሰው ሳለ አባቷ ያንኑ መድኃኒት ሰጣት፤ ልጅቱም እጇ ሳይቈረጥ ዳነች። ዶማክም በ1939 ዓ.ም. ለኖቤል ሽልማት ተመረጠ።

ፔኒሲሊንን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ዓ.ም. ቢያገኘውም፣ ለሕሙማን የሚሰጥ መድኃኒት እንዲሆን ያደረጉት በኦክስፎርድ የነበሩት ፍሎሪና ቼይን ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው ነው። እነርሱም በፌብሩዋሪ 1941 ዓ.ም. ፊቱ በቍስል ለተመረዘና አንድ ዓይኑን ላጣ የፖሊስ ወታደር መድኃኒቱን በመርፌ መስጠት ጀመሩ። ሰውዬው ወዲያው ተሻለው፤ ትኩሳቱ ወረደ፤ ምግብ መብላት ጀመረ። ነገር ግን መድኃኒቱ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ከሕመምተኛው ሽንት እንኳ እያጣሩ መልሰው ቢሰጡትም በጥቂት ቀን ውስጥ አለቀ። ሕመሙ አገረሸበት፤ በማርች ወርም ሞተ።

እነዚህን ሦስት ነገሮች አስተያይቼ ሳስብ ልቤ የሚያዝነው ስለ እነርሱ ብቻ አይደለም። የፕሬዚዳንቱ ልጅ መድኃኒት አልነበረውም። ፖሊሱ መድኃኒቱ አለቀበት። ለእኛ ግን መድኃኒቱ በየከተማው ባለው ሐኪም ቤት ይገኛል፤ ዋጋውም ለብዙው ሰው የሚከብድ አይደለም። እነዚያ ያጡት መድኃኒቱን ነበር፤ እኛ የምናጠፋው ግን ሰዓቱን ነው።

ይህን የምናገረው በቤተ ሰቤ የሆነውን አይቼ ነው። አጎቴ በመንግሥት ሥራ ረዥም ዘመን ያገለገሉ፣ ዛሬም በደብረ ብርሃን አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የስኳር በሽታም አለባቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰኞ ዕለት የአጥር ሽቦ ቅልጥማቸውን ጫረባቸው። ማክሰኞ እግራቸው ጋለ፤ ረቡዕ አበጠ፤ በዚያም ሌሊት ብርድ ብርድ እያለ አንቀጠቀጣቸው። እርሳቸው ግን ለማንም አልተናገሩም። በማዕድ ሲቀርቡ ጋቢያቸውን እስከ እግራቸው ለቀቅ አድርገው ይቀመጡ ነበር፤ ምግብ አልበላ ሲላቸውም ብርድ ነው ይሉ ነበር። የእግር ውሃ የምታቀርብላቸው ሠራተኛ እብጠቱን አይታዋለች፤ ነገር ግን ጌታዬ ዝም ያሉትን እኔ ምን ብዬ እናገራለሁ ብላ ፈራች። ባለቤታቸውም መልካቸው መለወጡን አስተውለው ጠየቋቸው፤ ደኅና ነኝ ሲሏቸው ደግመው መጠየቁን እንደ ድፍረት ቈጠሩት።

ዓርብ ጧት ንግግራቸው ተዘባረቀ። ያን ጊዜ ቤቱ ተሸበረ፤ በመኪና ተጭነው አዲስ አበባ ደረሱ። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ በዚያው ሌሊት እግራቸውን ከፍቶ የሞተውን ሥጋ ቈርጦ አወጣ፤ በኋላም ሁለት ጊዜ ደገመው። ከጭናቸው ቈዳ ተወስዶ በቅልጥማቸው ላይ ተለጠፈ። እኔ በአልጋቸው አጠገብ ብዙ ሌሊት አድሬአለሁ፤ ከነሕይወታቸው ይወጣሉ ብዬ ተስፋ የማደርግበት ሌሊት ጥቂት ነበረ። ሐኪሙም እግሩ በጋለበት ቀን ቢመጡ ኖሮ ምናልባት ቢላዋ ሳይነካቸው በመድኃኒት ብቻ ይድኑ ነበር አለኝ። አጎቴ ዛሬ በምርኵዝ ይሄዳሉ። ነገሩ ሲነሣ፣ ሕመሙን መቻሌን እንደ ጀግንነት ቈጥሬው ነበር፤ ለካ ጠላቴን ስቀልብ ኖሬአለሁ ይላሉ።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ አጎቴን እስከ ሞት ደጃፍ ያደረሳቸው አለማወቅ ብቻ አለመሆኑን ነው። እንደ መልካም ጠባይ የምናመሰግናቸው ነገሮችም ረድተውታል። ጨዋ ሰው ሕመሙን አያሰማም እንላለን፤ ሠራተኛ የጌታዋን ገመና አትገልጥም እንላለን፤ ሚስት ባሏን አትጨቀጭቅም እንላለን። እነዚህ በስፍራቸው ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን በሰዓታት በሚስፋፋ ደዌ ፊት ሦስቱም ዝምታዎች አንድ ላይ ሆነው ሰው ይገድላሉ።

ከዚያ ወዲህ በእኔ ቤት ሌላ ሥርዓት ሆነ። ባለፈው ክረምት ትንሿ ልጄ ክንዷን ትንኝ ነክሷት አከከችው። ማታ ሲገላበጥ ሞግዚቷ፣ እመቤቴ፣ የልጅቱ ክንድ ይፋጃል ብላ መጥታ ተናገረች። ባለቤቴም በእስክሪብቶ ያበጠውን ስፍራ ዳርቻ ዙሪያውን አሰመረችና ሰዓቱን በአጠገቡ ጻፈች። ከሦስት ሰዓት በኋላ እብጠቱ ከመስመሩ ሁለት ጣት ያህል አልፎ ተገኘ። ወዲያው ወደ ሐኪም ወሰድናት፤ የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘላት፤ በሳምንቱም ምልክቱ እንኳ አልቀረም። ያች ሞግዚት በቤታችን እንደ ታላቅ ባለውለታ ትቈጠራለች።

የእስክሪብቶው መስመር ሐኪሞችም ራሳቸው የሚሠሩበት ዘዴ ነው፤ ዓይን ሊሳሳት ይችላልና፣ መስመር ግን ይመሰክራል። ቢሆንም መስመሩ ሐኪምን የሚተካ አይደለም። የጋለ፣ ያበጠና የሚሰፋ ቍስል በዚያው ቀን ለሐኪም መታየት አለበት። በሌሊትም ቢሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ፤ እነርሱም ሕመሙ ከሚታየው ቍስል በላይ እጅግ የበረታ እንደ ሆነ፣ ቈዳው የጠቈረ ወይም ውሃ የቋጠረ ወይም የደነዘዘ እንደ ሆነ፣ ሲነኩት የሚንኰሻኰሽ እንደ ሆነ፣ ትኩሳት ከማንቀጥቀጥ ጋራ የመጣ እንደ ሆነ፣ ትንፋሽ የፈጠነ ወይም ንግግር የተዛባ እንደ ሆነ፣ እብጠቱ በዓይን ዙሪያ የሆነ እንደ ሆነ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው፣ ሽማግሌና ሕፃንም ከሌላው ቀድመው መታየት ይገባቸዋል።

በቍስል ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ፣ ቅቤና ጥላሸት መቀባት፣ ያበጠውን በምላጭ መብጣትና በጋለ ብረት መተኰስ በየስፍራው የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ አዲስ በር መክፈት ነው እንጂ የተከፈተውን መዝጋት አይደለም። መግል የቋጠረ እባጭም ቢሆን በሐኪም እጅ፣ በንጹሕ መሣሪያ ይከፈታል። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን መዋጥም እንዲሁ ጕዳት አለው፤ መድኃኒቱ ለዚያ ተሐዋሲ የማይሆን ቢሆን ሰዓት ያባክናል። ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት ቀለል አለኝ ብሎ ሳይጨርሱ መተው አይገባም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን እብጠቱ ጥቂት ሊሰፋ ይችላል፤ በሁለትና በሦስት ቀን ካልቀነሰ ወይም ትኩሳቱ ከባሰ ግን ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው። የታመመውን እግር ከፍ አድርጎ ማሳረፍም እብጠቱን ያቀልለዋል።

መከላከያውም ቀላል ነው። ማናቸውንም ጭረት ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ እግርን ታጥቦ የጣቶቹን መካከል ማድረቅ፣ የልጆችን ጥፍር መቍረጥ ያስፈልጋል። እሾህ ወይም ዝገት ያለበት ብረት የወጋው ሰው የመንጋጋ ቈልፍ ክትባት እንዲሰጠው ይጠይቅ። እከክ የያዘው ልጅም ቶሎ ይታከም፤ ከታከከው ቍስል የሚገባው ስትሬፕቶኮከስ ኩላሊትን እስከ ማሳመም ሊደርስ ይችላልና። በደጋው አገራችን በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ብዙ ወገኖቻችን ዝሆኔ ይይዛቸዋል፤ ያበጠው እግራቸውም ለዚህ መመረዝ ደጋግሞ ይጋለጣል። ጫማና ሳሙና ለእነርሱ ጌጥ ሳይሆኑ መድኃኒት ናቸው።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፣ ብዙዎቻችሁ የቤት አዛዦችና የመሥሪያ ቤት አለቆች ናችሁ፤ ቃላችሁ ይሰማል። በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ያለውን ሁሉ፣ ከባለቤታችሁ እስከ ዘበኛችሁ ድረስ፣ ሰብስባችሁ አንድ ነገር ንገሩልኝ፤ በእኔም ሆነ በማንም ሰውነት ላይ የጋለና ያበጠ ነገር ያየ ሰው ይናገር፤ የሚቈጣው የለም በሉ። ለልጅም፣ ለሠራተኛም፣ ለሚስትም ይህን ፈቃድ መስጠት ከጌታው ክብር ምንም አያጐድልም፤ ሕይወቱን ግን ሊያተርፍለት ይችላል።