የፊርማው ወረቀት

የካቲት 2013 ዓ.ም. ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁለቱ ከአምባሰል በኩል የመጡ፣ ከክፍል እስክወጣ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ። ልጆቻቸው ሐይቅ ከተማ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከገጠር እየተላከላቸው እኔ ዘንድ ይማራሉ። ያን ቀን የመጡት ግን ስለ ልጆቹ አልነበረም። አንደኛው ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በግል ተወዳዳሪነት እንድመዘገብ የተሰበሰበ የድጋፍ ፊርማ ነው።

«ልጄ፣ ልጆቻችንን አምነን ሰጥተንሻል፤ ድምፃችንንማ አንነፍግሽም» አሉኝ።

«ላስብበት» ብዬ ወረቀቱን ተቀበልሁ።

ያን ሌሊት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ሳስብ አደርሁ። በወረራው ዘመን ታግለው፣ በጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ታስረው የተመለሱ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፤ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱትን ተውኔት የጻፉ፤ «የልቤ መጽሐፍ»ን ያበረከቱልን መምህርት። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሴቶች ድምፅ ሲሰጥ፣ በ1950ው ምርጫ ተወዳድረው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ያኔ ፓርቲ አልነበረም። እጩው ግን ንብረት ሊኖረው ግድ ነበር። (በዚያ ሕግ ቢሆን እኔ፣ በኪራይ ቤት የምኖረው፣ ከበሩም አልደርስ።)

የፈራሁት መሸነፍን አልነበረም። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፤ አባቷ የአንድ ፓርቲ ቀስቃሽ ነው። እኔ እጩ ሆኜ በፈተና ወረቀቷ ላይ ቀይ መስመር ባሰምር፣ መስመሩን ምን ብላ ታነበዋለች?... ማርክ ሰጪና ድምፅ ለማኝ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዴት ይቆማሉ?

በማግስቱ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ፤ በሴትነቴ አልገባበትም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩት በዚያ ነው፤ ትውፊትም ይኩኖ አምላክን ከደቀ መዛሙርታቸው ይቆጥረዋል። መምህርና ዙፋን በዚህ አገር የተዋወቁት ትናንት አይደለም። ይህም አላጽናናኝም።

«አልችልም አባቴ» አልኋቸው። ምክንያቴን ነገርኋቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ወረቀቱን ግን መልሰው አልተቀበሉኝም።

በገበያ ቀን ሲያገኙኝ ስለ ልጆቹ ይጠይቁኛል፤ ስለዚያ ወረቀት አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ዛሬም በሰዋስው መጽሐፌ ገጾች መካከል አለ። ከፊርማዎቹ ሰባቱ የጣት አሻራ ናቸው።