ሻጩ የጻፈው ስም

ሰባት ቤት ቆጥሮ ላደገ ሰው የአያቱን ስም ፍለጋ መዝገብ ማገላበጥ እንግዳ ነገር ነው። ለብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ግን የዓመታት ሥራ ነው።

የአሜሪካ የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ በ1790 እ.ኤ.አ. ሲካሄድ በስም የተጻፈው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበር። ባሮቹ ቁጥር ሆነው ቀሩ። በ1850 ነጻ ሰው ሁሉ በየስሙ ሲመዘገብ፣ ባሪያው በሌላ ቅጽ ከጌታው ስም ሥር ገባ፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። በቃ። ነጻ የወጡት በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን አያቱን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የአያቱን ጌታ መፈለግ አለበት።

ታዲያ ስሙ የት ተረፈ? አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን ካህናት ባሮቻቸውን ያጠምቁና ያጋቡ ነበር፤ ስማቸውንም ይመዘግቡ ነበር። እነዚሁ ካህናት በ1838 የ272 ሰዎችን ስም ዘርዝረው ለሉዊዚያና ባለእርሻዎች ሊሸጧቸው ተፈራረሙ። ከገንዘቡ ከፊሉ የዛሬው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ዕዳ ተከፈለበት።

ከተሸጡት ብዙዎቹ ሉዊዚያናም ሄደው ካቶሊክነታቸውን አልተዉም። የልጆቻቸው ጥምቀትና ጋብቻ በዚያው አጥቢያ መዝገብ ሰፈረ። አጥኚዎች የሽያጩን ዝርዝርና ይህን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጠው በሺዎች የሚቆጠሩ ተወላጆችን አገኙ። ዩኒቨርሲቲው በ2017 ይቅርታ ጠየቀ።

እንግዲህ ተወላጁ ያንን ወረቀት ያመስግነው ወይስ ይርገመው? አያቱን የሸጠው ወረቀት ነው። አያቱን በስሙ የጠራለትም እሱው ነው።