ስልቻ፣ ቀልቀሎ እና ኪዩብ

ፈረንጅ ሻንጣ ለማቅለል ያልሞከረው ነገር የለም። ከእንጨት ሳጥን ወደ ቆዳ፣ ከቆዳ ወደ ሸራ፣ ከሸራ ወደ ናይለንና ፕላስቲክ እያለ፣ ባዶው በሁለት ጣት የሚነሳ ሻንጣ እስኪያስረክበን ድረስ እንቅልፍ አልነበረውም። እኛ በበኩላችን እሱ የቀነሳትን እያንዳንዷን ግራም በሌላ ነገር ስንተካ ኖረናል። ሻንጣው ግማሽ ኪሎ ቀለለ ከተባለ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ገባ ማለት ነው።

የዚህ ትግል የመጨረሻ ልጅ ፓኪንግ ኪዩብ ይባላል። ሻንጣ ውስጥ የሚገባ፣ ባለ ዚፕ፣ አራት ማዕዘን የጨርቅ ከረጢት ነው። ሸሚዝ ለብቻ፣ ካልሲ ለብቻ፣ የውስጥ ልብስ ለብቻ ይታጨቅበትና ከረጢቶቹ ሻንጣው ውስጥ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። እህቴ መጀመሪያ ስታየው «ለልብስህ ቦርሳ አለህ፤ ለቦርሳው ደግሞ ቦርሳ ገዛህለት?» አለችኝ። ይህን ክርክር እስካሁን አላሸነፍኩም።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ከገዛሁ በኋላ ዘሩን መቁጠር እወዳለሁ። ሁለት ዓይነት ኪዩብ አመጣሁና የኩሽና ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። አንደኛው ወፍራም ፖሊስተር ነው፤ ዙሪያውን አጥብቆ የሚጨምቅ ሁለተኛ ዚፕ አለው። ከ100 ግራም በላይ መዘነ። ሌላው ተጠቅልሎ እጅ ውስጥ የሚጠፋ ስስ ናይለን ነው፤ 30 ግራም እንኳ አልሞላም። ስሱን መስኮት ላይ ዘርግቼ ሳየው ብርሃኑ አልፎበት እንደ ሒሳብ ደብተር ትንንሽ ካሬዎች ወጡበት።

እነዚያ ካሬዎች ከሰማይ የወረዱ ናቸው። በ1935 (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ዋላስ ካሮዘርስ የሚመራው የኬሚስቶች ቡድን ናይለንን ሠራ። በ1940 የሴቶች ስቶኪንግ ሆኖ ገበያ ወጣ፤ ሴቶቹም ተሻሙበት። ለብሰው ሳይጠግቡት አሜሪካ ጦርነት ገባችና ናይለኑ ዘምቶ ፓራሹት ሆነ። ፓራሹት ደግሞ አንድ ቦታ ስለተቀደደ እስከ ዳር መተርተር የለበትም፤ ባለቤቱ ገና አየር ላይ ነው። ስለዚህ ስሱ ጨርቅ ሲሸመን በየጥቂት ሚሊሜትሩ፣ በቁመትም በወርድም፣ ወፈር ያለ ክር ጣልቃ ይገባል። ቀዳዳው እየሮጠ መጥቶ ወፍራሙ ክር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሪፕስቶፕ የሚሉት ሽመና ይኸው ነው። ወታደር አንጠልጥሎ የሚያወርደው ጨርቅ ዛሬ የእኔን ካልሲ ይጠብቃል።

ሻጮቹ የጨርቁን ውፍረት የሚናገሩት በዴኒየር ነው። 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። 30 ዴኒየር ከተባለ፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር መንገድ የሚሸፍን ክር 30 ግራም ብቻ ይመዝናል። ወፍራሙ ኪዩብ 200 ዴኒየርን ሊያልፍ ይችላል። ስሱ ጨርቅ ሲሊኮን ውስጥ ስለሚነከር ውሃ ቶሎ አያስገባም፤ በዚያ ላይ እጅ ውስጥ ያሙለጨልጫል።

ዚፑ የራሱ የዘር ሐረግ አለው። ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ የገባው መሐንዲስ ጌዲዮን ሰንድባክ ዛሬ ለምንጠቀምበት ዚፕ መሠረት የሆነውን በ1913 ሠራ። የልብስ ሰፊዎች ለብዙ ጊዜ ፊት ነሱት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከተገኙት ቀደምት ደንበኞቹ መካከል ግን የአሜሪካ ባሕረኞች ነበሩ፤ ዩኒፎርማቸው ደህና ኪስ ስላልነበረው ባለ ዚፕ የገንዘብ መታጠቂያ ይገዙ ነበር። እናቶቻችን ብራቸውን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ገበያ ሲወጡ ሰንድባክን አልጠበቁም።

የክብደት ነገር የግል ጭንቀት የሆነው ግን ጎማ ከመጣ ወዲህ ይመስለኛል። ሻንጣ ኩሊ ይሸከመው በነበረበት ዘመን ክብደቱ የኩሊው ጣጣ ነበር። በርናርድ ሳዶ የተባለ አሜሪካዊ በ1970 ሻንጣ ላይ ጎማ ገጠመ፤ በ1987 ደግሞ ሮበርት ፕላዝ የተባለ አብራሪ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን፣ ባለ ረጅም እጀታውን ፈጠረ። ኩሊው አረፈ፣ መንገደኛው ግን የራሱ ኩሊ ሆነ። ጎማው፣ እጀታውና ብረቱ ደግሞ በነፃ አልመጡም፤ ትልቅ ሻንጣ ባዶውን አራትና አምስት ኪሎ ይመዝናል። የሚፈቀደው 23 ኪሎ ከሆነ፣ አንድ እፍኝ ቡና ሳይገባ አምስተኛው እጅ ሊያልቅ ነው።

ኪዩብ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከነገሩ ጋር ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ኢግል ክሪክ፣ በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመ የጉዞ ዕቃ አምራች ነው፤ በ1990ዎቹ ኪዩቦቹን ለገበያ አስተዋወቀ። በ2008 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ የአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች በአገር ውስጥ በረራ ላይ ለመጀመሪያዋ ሻንጣ ሳይቀር ማስከፈል ጀመሩ። መንገደኛውም ክፍያ ሽሽት የሳምንት ልብሱን በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ማጨቅ ተማረ፤ ለዚህ ደግሞ ከኪዩብ የተሻለ ረዳት አላገኘም።

እንግዲህ የፈረንጁ ታሪክ ይህ ነው። ግን ከረጢት በከረጢት መሙላት ካሊፎርኒያ ተጀመረ ቢሉን ሲራራ ነጋዴ አያቶቻችን ይስቁብናል። እህሉ በአቁማዳ፣ ዱቄቱና በሶው በስልቻ፣ ምሳው በአገልግል ሆኖ በቅሎዋ ላይ ሲጫን፣ ግራና ቀኙ እኩል እንዲመዝን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚዛወረው ስልቻው እንዳለ ነበር። ጃፓኖችም የየራሳቸውን ልብስ በጨርቅ ጠቅልለው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ይሄዱ ነበር፤ የአንዱ ከሌላው እንዳይቀየር ጨርቁ ላይ የቤተሰባቸውን ምልክት ያደርጉበት ነበር። ፉሮሺኪ ይሉታል። ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ ነው ነገሩ።

የጃፓኖቹ ምልክት ላይ ትንሽ ልቆይ። ኪዩብን ለገበያ ያቀረበው ሰው በሐሳቡ ያየው አንድ ብቸኛ መንገደኛ ነው። ሻንጣው የራሱ፣ ልብሱ የራሱ፤ ጥያቄው ሸሚዜ የትኛው ከረጢት ውስጥ ነው የሚል ብቻ ነው። የእኛ ሰው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲበር ግን ሻንጣው ውስጥ ከራሱ ዕቃ የሰው ዕቃ ይበልጣል። ለአክስት የስኳር መለኪያ፣ ለአጎት ልጅ ስኒከር፣ ስሙን እንኳ ለማያውቀው አራስ የሕፃን ልብስ፣ ለጎረቤት እናት ቫይታሚን። ስለዚህ የእኔ ኪዩቦች ውስጥ «ካልሲ» ወይም «ሸሚዝ» የሚባል ክፍል የለም። ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የሰው ስም ነው።

አገር ቤት ልሄድ መሆኔ ከተሰማ በኋላ በሬን የሚያንኳኩት ሰዎች ሁሉ የሚናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ልጄ፣ ትንሽ ናት እኮ፣ ቦታ አትይዝብህም» አሉኝ አንድ ሰፈር የምንኖር እትዬ፤ በሁለት እጃቸው ያቀፉትን ፌስታል እያስረከቡኝ።

«እሺ እትዬ። ግን በዚህ ኪዩብ ልክ ቢሆንልኝ» ብዬ ስሱን ዘረጋሁላቸው።

እዚህ ላይ ፈጣሪው ያላሰበው ጥቅም ተገኘ፤ ኪዩቡ ኮታ ሆነ። ሽማግሌን «በዛ» ማለት ነውር ነው፤ «ዚፑ አልዘጋ አለ» ማለት ግን የማንም ጥፋት አይደለም። ዘዴው ለጊዜው ሠራ። ወፍራሙን ኪዩብ የሰጠኋቸው ዕለት ግን እትዬ ሁለተኛውን ዚፕ አገኙት። ጎትተው ጎትተው ኪዩቡን ግማሽ አሳከሉትና «አየህ፣ ገና ቦታ አለው» ብለው እንደገና ከፍተው ሞሉት። ሲጨመቅ የሚወጣው አየሩ ነው እንጂ ኪሎው እንዳልሆነ ማን ያስረዳቸው? ሻንጣ በቦታ አልሞላም ማለት በኪሎ አላለፈም ማለት አይደለም። እንዲያውም ጨምቆ የሚያሽግ ሰው ሚዛኑ ላይ ቶሎ ይያዛል።

የሚያዘውም በመልሱ ጉዞ ነው። ቦሌ ቼክ ኢን ላይ የቆመ ሰው ያን ትዕይንት ያውቀዋል። ሚዛኑ 26 ይላል፤ ሁለተኛው ሻንጣ 20 ነው። ሻንጣው ወለል ላይ ይከፈታል፣ በሰልፈኛው ሁሉ ፊት የውስጥ ሱሪው ከድርቆሹ ጋር ይዘረገፋል፣ ሸኚዎች በስልክ «የቱን ላውጣ?» ተብለው ይጠየቃሉ። ኪዩብ ያለው ሰው ግን ሦስት ኪሎ የሚሆነውን ከረጢት አንስቶ ወደ ቀለለው ሻንጣ ያዛውራል። ገመናው አይታይም። የበቅሎ ጫኞቹ ስልት ማለት ነው።

በርበሬ ግን የማንንም ስልት አያከብርም። በሁለት ፌስታል ታስሮ፣ በፕላስተር ተጠምጥሞ፣ ኪዩብ ውስጥ ገብቶ እንኳ መንገድ ያገኛል። ክዳኑ መረብ የሆነ ኪዩብ ለልብስ ደህና ነው፤ ውስጡ ሳይከፈት ይታያል፣ ፈታሽም አገላብጦ አያምሰውም። በርበሬ የያዘ ቀን ግን ያ መረብ ወንፊት ይሆናል። ዝግ ጨርቅም ቢሆን ብናኙ የዚፑ ጥርሶች መሃል ገብቶ ቀይ መስመር ሠርቶ ይቀመጣል፤ በጥርስ ብሩሽ ቢፈተግም ከቅባቱ ጋር ስለተጣበቀ ቶሎ አይለቅም። ያን ዚፕ በከፈትኩ ቁጥር ካልሲዬ ያስነጥሰኛል።

ስለዚህ ምረጥልን ለሚሉኝ የምመልሰው ይህን ነው። ለልብስ ስሱ ይበቃል፤ 30 ዴኒየር ከሆነ ካልሲ አይቀደውም። ጠርዝ ላለው ዕቃና ለጠርሙስ ወፈር ያለው ይሻላል። ዚፑ የብረት ሳይሆን የናይለን ጥቅልል ይሁን፤ ይቀላል፣ ኩርባ ላይም አይነክስም። ለቅመም መረብ አልባ ይሁን፣ ተለይቶም ለዚያው ይኑር። ቀለማቸው ይለያይ፤ የስም ወረቀቱ መንገድ ላይ ሊላጥ ይችላልና። ጨማቂውን ደግሞ እትዬ በማያዩት ቦታ አስቀምጡት።

ቀሪው ምክር ስለ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ኪዩብ ይዞ የሚገባ ሰው ዕቃውን ሲያስረክብ፣ ተቀባዩ ከረጢቱንም ከስጦታው ይቆጥረዋል። «ዕቃውን አውጡና ባዶውን መልሱልኝ» ለማለት የሚደፍር አንደበት እኔ የለኝም። በኋላ ስሄድ አክስቴ ቤት አንዱን አገኘሁት፤ ቁምሳጥን እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ የቤት ካርታ፣ የእድር ደብተርና ጉርድ ፎቶ ይዟል። ፓራሹት የነበረ ጨርቅ ነውና ካርታውን እንደማይጥለው አምናለሁ። ስብስብ ስትገዙ እንግዲህ ለራሳችሁ ከሚያስፈልገው በላይ ግዙ፤ ከመካከላቸው የመሄጃ ትኬት ብቻ የተቆረጠላቸው አሉ።