ዋልካና መኪና

ዋልካ መሬት ለጤፍና ለሽምብራ ጥሩ ነው። በኦሮምኛ ኮቲቻ ይሉታል። በበጋ ይሰነጠቃል። በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ስንጥቁም ይዘጋል። ያን ጊዜ ውሃው ወደ ታች አይሰርግም፤ ላይ ይተኛል። ከዚያ በኋላ የሰው ጫማ፣ የአህያ ኮቴ፣ የመኪና ጎማ ሁሉ ይያዛል።

ከመቂ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ያለው አፈር ቀለል ያለ አሸዋማ ነው። በሞጆና በእጀሬ በኩል ግን ዋልካው ይበዛል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ (ናዝሬት) የሚወስደው ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም ተከፍቷል። ከአስፋልቱ ጥቂት ወጣ ሲሉ ግን ጭቃው ያው የድሮው ነው።

እኛ ሾፌርና ረዳት ነን። አንድ ሐምሌ ከእጀሬ በኩል ምጥ የያዛት ሴት ጭነን ወጣን። ምጧ ከጀመራት አንድ ቀን አልፏል። እናቷም አብረው ነበሩ። ወደ ደህናው መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ሲቀረን አንድ ፒክአፕ ሰምጦ መንገዱን ዘግቶ አገኘን። ሾፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፤ ጭቃው ይረጫል። መኪናው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ታች ይሄዳል። ባለበት የሚዞር ጎማ ዶማ ነው፤ ጉድጓድ ይቆፍራል።

ብዙ ሰው በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ጭቃ አይዘውም ይላል። ይይዘዋል እንጂ! ከቀኝና ከግራ ጎማ መካከል ዲፈረንሻል የሚባል ጥርስ አለ። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ የበለጠ እንዲዞር ያደርጋል። ጭቃ ላይ ግን የሚንሸራተተው ጎማ መዞር ስለሚቀለው እሱ ብቻ ይዞራል፤ ጠንካራ መሬት የረገጠው ይቆማል። አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ ከተንሸራተቱ መኪናው ቆመ ማለት ነው። ይህን ጥርስ መቆለፍ የሚችል መኪና አለ፤ የኛ አይችልም።

በጎን ለማለፍ ጥልቀቱን በዱላ ለካን። ከጎማዎቹ አየር ቀነስን፤ የላላ ጎማ እንደ ግመል እግር መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል። በከባድ ማርሽ፣ ሳንፈጥን ገባን። መሐል ላይ ስንደርስ ያዘን። ወዲያው ነዳጁን ለቀቅን።

ከእርሻ ሰዎች ሮጠው መጡ። አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ አትርገጡት፤ መጀመሪያ ቆፍሩ» አሉን።

«እሺ አባቴ» አልን።

መኪናውን በክሪክ ከማንሳታችን በፊት ሴትዮዋን በጋቢ ጠቅልለው አወረዷት። ክሪኩ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ሳንቃ አደረግን። ከጎማዎቹ ፊትና ከመኪናው ሆድ ሥር ያለውን ጭቃ ጠረግን፤ ሆዱ መሬት ላይ ከተቀመጠ ጎማ ጉልበት የለውም። ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጎዘጎዝን። የግራር ቅርንጫፍ ግን እሾሁ ጎማ ይበሳል። ሴትዮዋ ባቃሰተች ቁጥር አካፋው ይፈጥናል።

የሚገፉት ከጎማ ጀርባ ዞር ብለው በጎን ቆሙ። ቀስ ብለን ስንነካው ተነቃነቀ፣ ወጣ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብን ነበር። ሴትዮዋን መልሰን አሳፈርናት። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ጊዜ ቢጠበንም ጎማዎቹን ነፋን፤ በላላ ጎማ መፍጠን ይገለብጣል።

አዳማ ሆስፒታል ሲመሽ ደረስን። ሌሊት ወንድ ልጅ ወለደች።

በማግስቱ በዚያው ስናልፍ ፒክአፑ እዚያው ነበር። ሽማግሌው ከሥሩ ጭቃ ይጠርጋሉ። ሰላምታ ሳይሰጡን «ተገላገለች?» አሉን።

«አዎ አባቴ፤ ወንድ ልጅ» አልን። አካፋችንን ይዘን ወረድን።